አምስተኛው ምሰሶ

ደግሞ አምስተኛው ነው፣ ሌሎቹ አምስቱ ጥርት አድርገው ይናገራሉ፣ መዶሻ ሲነካቸው ቲን ይላሉ፣ እሱ ብቻ ዶፍ፣ ሐሙስ ዕለት ዶፍ አለው፣ ጆሮዬ ይሆን እንዴ ብሎ ደገመው፣ ዶፍ፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ውሃው ወደ ላይ እየወጣ ነው፣ ሻምበሉም ከሥሩ ቆሟል።

ቆሟል። እንዴት ደስ ይላል።

መሐንዲሱ እጁን ከቫልቩ መዘውር ላይ አያነሳም፣ መዘውሩ ቀዝቃዛ ነው፣ መዳፉ ግን አልቦታል፣ ፊት ለፊቱ ስድስት የኮንክሪት ምሰሶ፣ ከምሰሶዎቹ በላይ ሃምሳ ሺህ ሊትር የሚይዝ ታንከር፣ ሰፈሩ አራት ዓመት ሙሉ የለመነው፣ እሱ እንደ ኮሚቴ ሊቀመንበርነቱ ከቢሮ ቢሮ የተንከራተተለት፣ ነገ ና፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ማህተም የያዘችው ልጅ ፈቃድ ላይ ናት፣ ይኸው ቆመ፣ ይኸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሊሞላ ነው፣ ከገመዱ ወዲያ ሕዝቡ ጀሪካኑን ደርድሮ ይጠብቃል፣ ከገመዱ ወዲህ አንድ ሰው ብቻ፣ ሰባ ምናምን ዓመት፣ ኮቱን እስከ አንገቱ የቆለፈ፣ የታንከሩ ተቋራጭ፣ የድሮ አዛዡ። ሰፈርተኛው ዛሬም ሻምበል እያለ ነው የሚጠራው። በአፉ እሱም ሻምበል፣ እርስዎ፣ ይለዋል። በሆዱ የሚለው ሌላ ነው።

ምነው ገመዱን እንዲህ አራቅከው? ብላዋለች ሚስቱ ጠዋት፣ ሁልጊዜ ከዚህ ይቀርባል እኮ። ለጥንቃቄ ነው አላት። ለጥንቃቄ! ሠላሳ እርምጃ ነበር ልማዱ፣ ዛሬ ስልሳ ቆጠረ፣ ታንከሩ ወደየትኛውም ጎን ቢወድቅ ማንም እንዳይነካ፣ በልኩ የተሰላ፣ እሱ ስሌት አይሳሳትም፣ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚነካው፣ አንድ፣ የሚገባው ሰው።

ዋስ ይቁም። ቃሉን እሱ ራሱ ነው ወደዚህ ሰፈር ያመጣው፣ ከመሐንዲስ ጦር፣ ድልድይ የገጠመ ሰው የመጀመሪያው ከባድ መኪና ሲያልፍ ከሥሩ ይቆማል፣ ዋስ ይሉታል፣ ከሥሩ እንደሚቆም የሚያውቅ ሰው ብሎን ማጥበቅ አይረሳም፣ ነገሩ ይኸው ነው። ከሠራዊቱ ወጥቶ በሠላሳ ዓመቱ ከልጆች ጋር ተጋፍቶ ምህንድስና ሲማር፣ ጋሼ እያሉ እየቀለዱበት፣ ያንን ልማድ ግን አልተወም፣ የትምህርት ቤቱን ፎቅ ሲያስሞክር ከሥሩ ቆመ፣ የገደሉን መሻገሪያ ሲሠሩ ከሥሩ ቆመ፣ ጭቃ እስከ ጉልበቱ፣ ሴቶቹ ከላይ ተሰልፈው እየሳቁ ተሻገሩ፣ ኢንጂነር ካልቆመበት አንገባበትም ይላሉ ሰዎቹ፣ ለዚህ ነው የመረጡት፣ አንዴ ሳይሆን ሦስቴ፣ ሌላ ሰው ሲጠቆም እንኳ የተጠቆመው ሰው ራሱ ለእሱ እጁን ያወጣል።

ባለፈው ስብሰባ ታዲያ ብድግ ብሎ፣ ዘንድሮ ዋስ የሚቆመው ተቋራጩ ነው፣ አለ። አጨበጨቡ። የኮሚቴው ጸሐፊ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ እሰይ፣ እንዲህ ነው እንጂ፣ ብላ ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈረችው። ሻምበሉ ጥግ ተቀምጦ ነበር። ቀና ብሎ አየው፣ ረጅም ጊዜ አየው፣ ከዚያ እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

አላወቀኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ አላወቀኝም። ጨረታ ከፍተው ስሙን ሲያነቡ እኔ ወንበሬ ላይ ደረቅኩ፣ እሱ ገብቶ ጨበጠኝ፣ ደህና ነዎት ኢንጂነር አለኝ፣ ኢንጂነር! ሰው ያጠፋ ሰው እንዲህ ነው፣ የወደቀውን አይቆጥርም፣ እኔ ግን በአንድ ነገር አረጋገጥኩ፣ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በጣቱ ሲመታ፣ ሁለቴ፣ እንዲህ፣ ልክ እንደዚያን ቀን።

ያን ቀን። ተወው። አይ፣ አምጣው፣ ዛሬ ነው የሚመጣው፣ ዛሬ ካልመጣ መቼ።

አራት ፒን ጎድሎ ነበር። የብረት ድልድይ ነው፣ ቁራጭ በቁራጭ የሚገጣጠም፣ ቁራጮቹን የሚያያይዘው ፒን ነው፣ የሰው ክንድ የሚያህል ብረት፣ ዕቃ ግምጃ ቤት አራት አጉድሎ ላከ፣ ሻምበሉ ፌሮ ቁረጡና አስገቡበት አለ። ረጅሙ ነበር የተናገረው፣ ጓዱ፣ በር ሲያልፍ ጎንበስ ማለት ስላለበት ረጅሙ ያሉት፣ ጌታዬ ፌሮ ፒን አይሆንም፣ ይጎብጣል፣ አለ። ነገ ይደርሳል አለ ደግሞ፣ አንድ ቀን ብንጠብቅ። ሻምበሉ ሳቀ፣ መኪናው ዛሬ ነው የሚያልፈው፣ ምነው፣ ፈራህ እንዴ? በል ዋስ ቁም።

ፈራህ እንዴ ከተባለ በኋላ ማን ወደኋላ ይላል፣ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር፣ ወረደ፣ ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ቆመ፣ ለእኔ ሲል ቆቡን ከፍ አድርጎ አወዛወዘ፣ ያሾፋል እኮ፣ የሚቀልድ ሰው ነበር፣ መኪናው ግማሽ ላይ ሲደርስ

ብረት ሲጎብጥ ድምፅ አለው። የሚገርመው ቀስ ያለ ነው፣ የሚያቃስት ሰው ነው የሚመስለው።

ከዚያ ወረቀቱ። ሟች አራት ፒኖችን ማስገባት በመርሳቱ በደረሰው አደጋ፣ ይላል፣ በመርሳቱ! ሻምበሉ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በጣቱ ሁለቴ መታው፣ አስር አለቃ፣ ምስክር እዚህ ጋ ትፈርማለህ፣ ሞቷል፣ ለእሱ ምን ይጎድልበታል፣ ለእኛ ግን ብዙ ይጎድላል፣ ሲገባህ ታመሰግነኛለህ። እና ፈረመ። ማን? እሱ፣ ኢንጂነሩ፣ ሊቀመንበሩ፣ ከሥሩ የሚቆመው ሰውዬ፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፣ ቢሆንም እጅ እጅ ነው፣ ፈረመ።

ይህንን ለሚስቱ አልነገራትም። ሚስቱ የረጅሙ እህት ናት።

አየህ፣ ያ ነው ነገሩ። አስክሬን አድራሽ ሆኖ ቤታቸው ሄደ፣ አባትየው ወረቀቱን አስነበቡት፣ በራሱ አፍ አነበበላቸው፣ በመርሳቱ፣ እሳቸው ተነስተው የልጃቸውን ፎቶ ከግድግዳ አወረዱ፣ ቸልተኛ ልጅ አሳድጌያለሁ ማለት ነው፣ የሰው መኪና፣ የሰው ነፍስ፣ አሉ፣ ከዚያ ወዲያ ስሙን አልጠሩም፣ እስኪሞቱ። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ታየው ነበር። እሷን ያገባት ከሐዘን ነው፣ ከፍቅር ነው፣ ከዕዳ ነው፣ እሱም አያውቀው፣ ፍቅሩ ግን እውነት ነው፣ ይህን ማንም አይወስድበትም። ፎቶው አሁን በሳጥኗ ግርጌ ነው፣ ከክረምት ልብስ በታች፣ እንዳላየ ሆኖ ያውቀዋል። አንዳንዴ ስታጥፍ ስትዘረጋ፣ ወንድሜ ግን ዕቃ የሚረሳ ሰው አልነበረም እኮ፣ ትላለች። ለማንም አይደለም የምትለው። እሱ ደግሞ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ሬዲዮውን ከፍ ያደርጋል።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሬዲዮ ከፍ ማድረግ። ይከፍላታል። በእግዚአብሔር ሻምበሉ ይከፍላታል።

ሩብ ሞላ! ትላለች የፓምፕ ሠራተኛዋ ከፓምፑ ቤት ውስጥ፣ ጉልበተኛ ድምፅ ያላት ሴት ናት፣ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማታል። መዘውሩን ይዘጋል። ደንቡ ነው፣ ሩብ ሲሞላ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል፣ ይታያል፣ ምሰሶ ይነካል፣ ሰው እያየው ስለሆነ መሄድ አለበት፣ መዶሻውን ይዞ ገመዱን አለፈ፣ ልቡ ይደልቃል፣ ደስታ ነው ይለዋል ለራሱ፣ ደስታ ነው።

አንድ፣ ቲን። ሁለት፣ ቲን። ሦስት። አራት። አምስተኛውን አልመታም፣ በእጁ ዳሰስ ብቻ አደረገው፣ ልስኑ ለስላሳ ነው፣ የሚያምር ልስን፣ ሐሙስ ያወቀው ከዚህ ነው፣ አምስቱ ምሰሶ ቅርፊታቸው ሻካራ፣ ይኸኛው ብቻ እንደ ሙሽራ የተቀባ፣ መብራት በጠፋ ቀን ነው የሞሉት ማለት ነው፣ ኮንክሪቱን የሚያንቀጠቅጠው ቫይብሬተር ሳይነካው፣ ጠጠሩ ተንጠልጥሎ ውስጡ አየር ሆኖ ቀረ፣ ካሳፎርማው፣ የእንጨቱ ቅርጽ፣ ሲፈታ ፎርማኑ አይቶ ደነገጠና በልስን ደፈነው፣ ይህ በየሳይቱ ያለ ነው፣ ሻምበሉ አያውቅም ይሆናል። ባያውቅስ? ረጅሙስ ያውቅ ነበር እንዴ? አይ፣ ረጅሙ ያውቅ ነበር፣ ችግሩ ያ ነበር።

ዘለልከው፣ ይላል ሻምበሉ።

ምን አሉኝ?

አምስተኛውን። ሐሙስ ሁለት ጊዜ መታኸው፣ ዛሬ ዘለልከው። መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ አይቼሃለሁ፣ አስር አለቃ።

አስር አለቃ አለኝ።

ከመጀመሪያው ቀን አውቄሃለሁ፣ ይላል ሽማግሌው፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ አይኑ ግን ቀጥ ብሎ፣ ስጨብጥህ እጅህ ሲቀዘቅዝ። ሥራውን ላለመውሰድ አስቤ ነበር፣ ከዚያ ደግሞ ልውሰደው አልኩ፣ ደህና አድርጌ ብሠራለት ምናልባት፣ አልኩ፣ ይኸው እሱንም ፎርማኑ አበላሸብኝ። ሐሙስ ማታ በመዶሻ ነካሁት፣ ሰማሁት። ትላንት መጥተህ ትነግረኛለህ ብዬ ጠበቅኩ። አልመጣህም። ገባኝ።

ታዲያ ለምን ቆሙ?

ያኔ መቆም የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ሽማግሌው ይህን ብሎ ባርኔጣውን አስተካከለ። በል ሂድ ሙላው፣ ሰው እያየን ነው።

ደሙ ፈላ። ቀማኝ! ይህ ሰው ዛሬም ቀማኝ! መሐንዲሱ ወደ ቫልቩ ይመለሳል፣ እግሩ ይቸኩላል፣ እኔ የፈለግኩት እኮ ሌላ ነው፣ ላብ እንዲያሰምጠው፣ ወደ ላይ እያየ ጉልበቱ እንዲብረከረክ፣ ማረኝ እንዲለኝ፣ እኔም ፈራህ እንዴ እንድለው፣ ይህቺን ቃል ሠላሳ አንድ ዓመት አፌ ውስጥ ይዣት ኖሬ፣ እሱ በገዛ ፈቃዱ ከተማ ሊሄድ እንደተዘጋጀ ሰው ኮቱን ቆልፎ ይቆምልኛል? ይሁን። ይውሰደው። ፈርቶም ይሙት ሳይፈራም ይሙት፣ ኮንክሪቱ አይለይም።

ግማሽ ሰዓቱ ገና አላለቀም፣ ትላለች የፓምፕ ሠራተኛዋ።

አስነሺው ብያለሁ!

መዘውሩን እስከ መጨረሻው ከፈተው። ይህን አድርጎ አያውቅም፣ በሩብ በሩብ ነው የሚሞላው፣ አሁን ቧንቧው ያጓራል፣ ሕዝቡ ድምፁን ሰምቶ እልል አለ፣ ልጆች ጀሪካን ይደበድባሉ፣ ኢንጂነራችን ይኑርልን ይላል አንዱ፣ እሱ አምስተኛውን ምሰሶ ብቻ ያያል፣ ሐሙስ የፍተሻ ቅጹ ላይ ስድስት መስመር ነበር፣ አንደኛ ምሰሶ ደህና፣ ሁለተኛ ደህና፣ አምስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው እንኳ አልቆመም፣ ደህና፣ ጽፎ ፈረመ፣ ቅጹ ደረት ኪሱ ውስጥ ነው፣ ላቡ ሳያርሰው አይቀርም። ግማሽ ሞላ! ግማሽ። ከግማሽ በላይ ከሆነ በኋላ ነው የሚሆነው፣ ያውቃል፣ አስልቶታል።

ልስኑ ላይ ፀጉር የምታህል መስመር ወጣች።

ይኸው። ረጅሙ፣ እየው። ይኸው ወንድሜ።

መስመሯ ወረደች፣ ተጣመመች፣ ትንሽ አቧራ ዱቄት መስሎ ወደቀ፣ ሻምበሉም አየው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ወደላይ አይቶ እንደገና ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዞረ፣ እና ከሕዝቡ ውስጥ አንዲት ሴት ገመዱን ጎንበስ ብላ አለፈች። ሰማያዊ ነጠላ ጫማ። በአንድ እጇ የፕላስቲክ ወንበር፣ በሌላው አንድ ብርጭቆ ውሃ። እየተወዛወዘች፣ ውሃው እንዳይፈስባት እያየች።

ሚስቱ ናት።

ምን ትሠራለች፣ ምን እያደረገች ነው፣ ሽማግሌ ሰው ፀሐይ ላይ አቁመው፣ ብላ ይሆናል፣ እሷ እንዲህ ናት፣ ሽማግሌ ቆሞ ማየት አይሆንላትም፣ ማን እንደሆነ አታውቅም፣ ወንበር ልትሰጠው፣ ውሃ ልታጠጣው፣ ለእሱ፣ ከሁሉ ሰው ለእሱ፣ አርባ እርምጃ፣ ሠላሳ አምስት፣ እጁ መዘውሩን እየዘጋ ነው፣ አጥፊው! ፓምፑን አጥፊው! ተመለሺ! አንቺ ተመለሺ! እሷ ቆም ብላ ፈገግ አለችለት፣ በቧንቧው ጩኸት አልሰማችውም፣ ቀጠለች፣ ሃያ እርምጃ። የማፍሰሻውን ቫልቭ በእግሩ ረግጦ ከፈተው፣ ሮጠ፣ ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ጉልበቱ የታመመ ነው፣ ሮጠ።

ከእሱ በፊት የደረሰው ሻምበሉ ነው። ሽማግሌው ከምሰሶው ሥር ተወርውሮ ወጥቶ፣ ሴትዮዋን ከነወንበሯ አቅፎ ወደ ገመዱ እየገፋ፣ ወደኋላ ልጄ፣ ወደኋላ፣ ይላታል፣ ብርጭቆው ወድቆ ተሰብሯል፣ ባርኔጣው የለም፣ ራሰ በራ ነው ለካ፣ ሦስቱም ገመዱ ጋ ደርሰው ተላተሙ።

አልወደቀም። ሁሉም ቆመው ጠበቁ። ማፍሰሻው አራት ዓመት የተለመነውን ውሃ ወደ ቦዩ እየዘረገፈ፣ መስመሯ እየሰፋች፣ ከዚያ ቆመች፣ አንድ የኩርሲ መቀመጫ የሚያህል ልስን ተገንጥሎ ወደቀ፣ ከኋላው ጠጠርና አየር፣ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ፣ የዛገ ፌሮ ጎብጦ ይታያል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ አየው።

ሌባ! አለ አንዱ። ከዚያ ሁሉም። ልብስ ሰፊዋ መቀሷን የያዘች ያህል ጣቷን እየቀሰረች፣ ልጆቻችንን ልትጨርስ ነበር አንተ ሽማግሌ፣ ይህን ነው የሠራህልን! ሻምበሉ አንገቱን ደፋ። እኔ ነኝ አለ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ወደ መሐንዲሱ አላየም። እንዲያየው ጠበቀ፣ አላየውም።

በቃ እኮ ነው። ይኸው አገኘኸው። በሰው ፊት፣ በሕዝብ ፊት፣ ሌባ ተባለ፣ ነገ ፈቃዱን ይነጥቁታል፣ አንተ ደግሞ በመጨረሻው ሰዓት አይቶ ያዳናቸው ኢንጂነር ትባላለህ፣ አራተኛም ይመርጡሃል፣ ዝም በል፣ ዝም ብቻ በል፣ ዝም ማለት ትችልበታለህ። እንዴት ያለ ያማረ በቀል ነው። ሟች በመርሳቱ። ተቋራጩ በማጭበርበሩ። ከሁለቱም ሥር ያንተ ፊርማ።

ሚስቱ ክንዱን ይዛዋለች። ሌላው ሰው ሁሉ ወደ ሻምበሉ ሲያይ እሷ ብቻ ወደ እሱ ታያለች፣ በሩ ላይ ቆማ እንዳየችው ልጅ፣ ያኔም እንዲህ ነበር ያየችው።

ሐሙስ አላየኸውም እንዴ? ትላለች። ለብቻው ነው የምትለው፣ ቀስ ብላ። አንተ እኮ አይተህ ነበር የመጣኸው። እራት ላይ ስታፏጭ ነበር። ገመዱንም ያራቅከው አንተ ነህ።

እጁ ደረት ኪሱ ላይ አረፈ።

እኔ ልንገራት፣ ይላል ሻምበሉ፣ አሁን ቀና ብሎ፣ ማን መሆኗ ገብቶታል፣ ከፊቷ ገብቶታል፣ ረጅሙን ትመስላለች፣ ቃሉ የእኔ ነው አስር አለቃ፣ እኔ ነኝ ያጻፍኩት፣ እኔ ልንገራት።

ምኑን ነው የሚነግረኝ? ትላለች። አስር አለቃ የሚልህ ከየት አውቆህ ነው?

ይንገራት፣ አዎ ይንገራት፣ ይቀልልሃል፣ ደግሞ እሱ ይሸከምልህ፣ ሽማግሌው ዝግጁ ነው፣ ለመሞት እንኳ ተዘጋጅቶ ነው የመጣው፣ አንተ አጠገቡ ቆመህ ራስህን ብቻ ነቅንቅ፣ ይጠላዋል፣ አሁንም ይጠላዋል፣ እስኪሞት ይጠላዋል፣ ከቦዩ ዳር ሴቶቹ የሚፈሰውን ውሃ ለማትረፍ ጀሪካን ይዘው እየተሻሙ ነው፣ ግፊያው፣ ጩኸቱ፣ ኢንጂነር ምን እናድርግ ይላል አንድ ሰው።

አይሆንም፣ ይላል። ፊርማው የእኔ ነው።

ደረት ኪሱን ከፍቶ ቅጹን ያወጣል፣ እርሷል፣ አምስተኛው መስመር ላይ ቀለሙ ተበትኗል፣ ደህና የሚለው ግን ይነበባል፣ እጇ ላይ አደረገላት። ታነበዋለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ሰዉ እየተጠጋ መጣ። ወንበሩ መሬት ላይ ወድቋል፣ አነሳላት፣ ተቀመጪ አላት፣ አልተቀመጠችም፣ እሱም አልተቀመጠም፣ ከየት ነው የሚጀመረው፣ ከወረቀቱ? ከመኪናው? ቆቡን ከማወዛወዙ? አይ፣ ከዕቃው፣ ዕቃ የሚረሳ ሰው አልነበረም ትል የለ።

ፒን ጎድሎን ነበር፣ ይላታል፣ አራት። ወንድሽ አልረሳም። ቆጥሮ ነግሮን ነበር።